የወንድሜ እሳት በየቡ

በሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የእኔ ታናሽ ወንድም ፕሮፌሰር መሆኑን ነው። የምን ፕሮፌሰር እንደሆነ ግን እኔም ጭምር በወጉ አናውቅም ነበር። ሲጠይቁኝ «የእሳት» እላለሁ። «እሳት ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ክብሪት መጫር ነው እንጂ!» ብለው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ምን ብዬ ልከራከር? አሁን ግን ጂማ ደርሼ፣ የቡ የምትባለውን የቡና ከተማ ረግጬ፣ እሳቱንም በዓይኔ አይቼ ተመልሻለሁና ዝም ማለት አቃተኝ። እድርተኛው ሁሉ በየተራ እየመጣ «ንገረን» ሲለኝ ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ጊዜ ያለው ያንብበው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ጉዳይ ላስረዳ። ወንድሜ ደምሴ ዘንድሮ ጡረታ ወጣ። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ጂማ ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ልጆቹም ርቀዋል። እኔና ባለቤቴ አስካለ በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል አስለስነን፣ ኖራ አስቀብተን፣ አልጋ አስገብተን «በቃህ፣ ና ግባ» አልነው። እሱ በስልክ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ አንድ ምድጃ ቀርቶኛል። የቡ ላይ ቡና ማድረቂያ ሠርቻለሁ። ከጨሰብኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ ካንተ ጋር እገባለሁ። ካልጨሰ ግን እዚያው ልቆይ። መጥተህ እየውና አንተው ፍረድ።»

እሺ ብዬ ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ምድጃ ለማየት አልነበረም የተነሳሁት፤ ወንድሜን ላመጣ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ወቅቱ የገና ጾም ነው፤ የእኛ አገር ውርጭ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የጎመኑ ቅጠል እንደ መስታወት ይሰበራል። አስካለ «ወንድምህ ብርድ ይዞት ይሆናል» ብላ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አሸከመችኝ። «ኧረ ጂማ ሞቃት ነው ይላሉ» ብላት «ያላየኸውን አገር አትመስክር» አለችኝ። ተሸከምኩት። በሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ባናው ሰፊ ቦታ ያዘ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «አባባ፣ እሳቸውም ከፍለዋል?» ብላ ባናውን ብታሳየኝ መኪናው በሙሉ ሳቀ። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

ሰኞ ማለዳ ከአውቶቡስ ተራ የጂማውን አውቶቡስ ያዝኩ። ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ምሳ በላን። በሁለቱም ቦታ ሽሮ ነው የቀረበልኝ፤ የወልቂጤው ሚጥሚጣ ስለበዛበት ግንባሬን እየጠረግሁ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ ወደ ጊቤ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። እኔ ሹራብ፣ ኮት፣ ከላይም ጋቢ ለብሻለሁ። መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ኮቱን፣ በመጨረሻም ሹራቡን አወለቅሁ። ወንዙ ላይ ስንደርስ በሸሚዝ ብቻ ቀርቼ ልብስ ተራ የከፈትኩ መሰልኩ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ሱሪው ይቅር!» አለኝ። መንገደኛው በደስታ አጨበጨበ። እንደዚህ ያለ ሳቅ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ከጊቤ ማዶ አገሩ ሌላ ነው። ሰኮሩን አልፈን ወደ ጂማ ስንቃረብ ዓይኔ አረንጓዴ ጠገበ። እኛ ዘንድ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ለአቅመ ማገዶ ሳይደርስ ይቆረጣል። እዚህ ግን ስሙን የማላውቀው ትልልቅ ዛፍ መንገድ ዳር ቆሞ ማንም ዓይኑን አይጥልበትም። ደግሞ ያለ ጊዜው ይዘንባል። አጠገቤ የነበሩት አንድ ሽማግሌ በመስኮት እያዩ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» እያሉ አላህን እየጠሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምነው ብላቸው «ቡና አልጋ ላይ ነዋ!» አሉኝ። አልጋ የሚሉት ቡና የሚሰጣበትን ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ነው። በለቀማ ወር ዝናብ ከመጣ ቡናው ሳይደርቅ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት በዓይን እያዩት ይጠቁራል። የወንድሜ ምድጃ ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ፍንጭ አገኘሁ።

ጂማ ስደርስ ደምሴ ስልኩን አያነሳም። መናኸሪያው በር ላይ ባናዬን እንደታቀፍኩ አንድ የባጃጅ ሾፌር ጠጋ አለኝ። ነስሩ ይባላል፤ የልጆች አባት፣ ፊቱ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው።

«አባ፣ የት ልውሰድዎት?»

«ሰቶ ሰመሮ። የፕሮፌሰር ደምሴ ቤት። ታውቀዋለህ?»

«ፕሮፌሰር ደምሴ... አአአ! አባ አራ! ዋላሂ አውቃቸዋለሁ፣ እኔ እኮ የየቡ ልጅ ነኝ!»

ይቅርታ አድርጉልኝና ቃሉን እንደሰማሁት ነው የጻፍኩት። ደሜ ፈላ። ነጭ ፀጉር ያበቀለ የተማረ ሰው፣ በዚያ ላይ ወንድሜ፣ በአደባባይ እንዲህ ይባላል?

«ስማ አንተ ሰው» አልኩት፣ «ቢያመውስ? በሽታ አይደለም እንዴ? ሰው በሆዱ ይሰደባል?»

ነስሩ ግራ ገባው። «የምን ሆድ አባ?»

«ታዲያ ያራው ማነው?»

ነስሩ መሪውን ለቆ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከባጃጁ ወርዶ ጎማውን ተደግፎ ሳቀ። «አቦ፣ አባ! አራ ማለት በኦሮምኛ ጭስ ነው! ጭስ! አባ አራ ማለት የጭስ አባት፣ የጭሱ ባለቤት!» እያለ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ጠርቶ አወራላቸው። እኔንም መሬት አልውጥ አለችኝ እንጂ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ደምሴ ቤት ድረስ እየሳቀ ወሰደኝ፤ ባናውንም ተሸክሞ አስገባልኝ።

ደምሴ በር ከፍቶ ሳየው ደነገጥሁ፤ ግራ ቅንድቡ የለም። «ምን በላው?» ስለው «እሳት። እሱ ጠፍቶ እየበቀለ፣ በቅሎ እየጠፋ ነው የኖረው» አለኝ። ነገሩን ሁሉ ነስሩ አስቀድሞ ዘረገፈለትና ሁለቱ አብረው ሳቁብኝ። ባናውን ሳወጣው ደግሞ ደምሴ ተቀብሎ አቀፈው። የሰፈራችን ሽታ አለው፤ የኩበት ጭስ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ባና ታቅፎ የሚቆም ሰው ያየሁት ወንድሜን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ደምሴ ከተማ አዞረኝ። ማየት የፈለግሁት ከተማውን ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ አሥር እርምጃ ሳንሄድ ሰው ያስቆመዋል። አንዱ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ የሚሠራ የድሮ ተማሪው ነው፤ ጉልበቱን ሊስም ሲል ከለከለው። መንደራ ቆጪ የሚባል ሰፈር አንድ ዳቦ ቤት ገባን፤ ጋጋሪው እጁን ዱቄት እንደሆነ ይዞኝ ምድጃው አፍ ድረስ ወሰደኝና «ይሄን እሳቸው ናቸው የሠሩልኝ። በፊት በቀን የማነደውን እንጨት አሁን ለብዙ ቀን አብቃቃዋለሁ። ዓይኔም ከጭስ ዳነ!» አለኝ። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ሞልቶ «ከከፈላችሁ አልሰጥም» ብሎ ሰጠን።

ያንን ዳቦ እየበላን ነው ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደኖረ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሁት። አፍሬም ነበር መጠየቁን።

«ጋሼ፣ ጭስ ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

«ጭስ ጭስ ነው። የእሳት ቆሻሻ ነው።»

«አይደለም። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። እሳቱ ሊበላው ሲል ትንፋሽ አጥቶ የለቀቀው ምግቡ። ትንፋሽ ብትጨምርለት፣ ሳይቀዘቅዝበትም ትንሽ ብታቆየው፣ ጭሱ ራሱ ቦግ ብሎ ይነዳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ይኼንኑ ነው። እሳት መለኮስማ ሁሉም ያውቃል፤ እሳት የጀመረውን እንዲጨርስ ማድረግ ነው ሥራው።»

ውጭ አገር በበረዶ መሐል ሲማር፣ በወፍራም መስታወት የነበልባል ቀለም እያየ እንደሚውል ነገረኝ። ቢጫው ምን እንደሆነ፣ ሰማያዊው ምን እንደሆነ፤ ሙቀት ከብረት ወደ አየር፣ ከአየር ወደ እህል እንዴት እንደሚሄድ። ሲናገር እጁ አያርፍም፤ ዳቦውን ቆርሶ ምድጃ ይሠራበታል፣ ፍርፋሪውን ጭስ ያደርገዋል። ሁሉንም ተረዳሁት አልልም። አንድ ነገር ግን ገባኝና ዳቦውን አስቀመጥኩት።

«እንግዲያ አስካለ ኩበት እያነደደች ያን ሁሉ ዓመት ዓይኗ ያለቀሰው፣ ባልነደደ ማገዶ ነው?»

«በባከነ ማገዶ ነው» አለኝ ደምሴ።

የእሳትን ትምህርት ያኔ አመንኩ። ምድጃውን ሳላየው የማየት ጉጉቴ እንደ ሕፃን አደረገኝ፤ ንገረኝ፣ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያልኩ አደከምኩት።

ባለፈው ዓመት የሆነውን የነገረኝም ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ የሠራው ማድረቂያ የቡ ላይ ሲሠራ ውሎ አንዱ ቧንቧ ሳይታይ ተሰንጥቆ ኖሯል። ጭሱ ወደ ቡናው ገባ። ቡና ደግሞ ሽታ ይስባል፤ የአንዲት ሴት ቡና በሙሉ የተቃጠለ ጨርቅ የሚሸት ሆነና ገዥ አልነካውም። አባ አራ የሚለው ስም የወጣለት በዚያ ነው። ሴትዮዋ አዴ ዘሃራ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እኛ እሜቴ ነው። ዘንድሮ ምድጃውን ከሥሩ አፍርሶ እንደገና ሠርቶታል። «ገበሬው ሁሉ በአዴ ዘሃራ ቡና ተሞክሮ እስኪያየው ድረስ አላመጣም ብሏል» አለኝ።

«ሴትዮዋስ እሺ አሉ? ያን ያህል ከጎዳሃቸው በኋላ?»

«ለምን እሺ እንዳሉኝ እኔም አላወቅሁም» አለ።

ረቡዕ በማለዳ በነስሩ ባጃጅ ወደ የቡ ሄድን። መንገዱ በአጋሮ በኩል ነው፤ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከጥላ ዛፍ ሥር ቡና፣ ከቤት ጓሮ ቡና፣ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳይቀር ቡና። ከቡና መፈልፈያው ኋላ ስንደርስ አንድ ኮረብታ አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ኮረብታው በሙሉ የቡና ገለባ ነው! ይጥሉታል፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ወንዙን ያጠቁረዋል። እኛ ኩበት ለመልቀም ከላም ኋላ የምንከተል ሰዎች ነን። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዘገንኩት። «ደምሴ፣ ይሄን የሚያህል ማገዶ ሜዳ ላይ?» ብዬ ጮህኩ። «ምድጃው የሚበላው እሱን ነው» አለኝ። ገለባው ቡናውን ያደርቃል ማለት ነው! ደስታዬን ምን ልበላችሁ።

አዴ ዘሃራ በሻሽ ተሸፋፍነው ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጥቂት ቃል የሚበቃቸው ሴት ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። እኔም የከነከነኝን ጥያቄ አላሳደርኩትም፤ «እሜቴ፣ ከእሳት ወጥተው እንደገና ወደ እሳት ለምን ገቡ?» አልኳቸው።

ሰማዩን አሳዩኝ። ጠቁሯል። «እዚያ ዝናቡ ይበላብኛል። እዚህ ጭሱ ይበላብኛል። ዝናቡ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። አባ አራ ግን ቤቴ መጥተው እያለቀሱ ይቅርታ ጠይቀውኛል» አሉ። ከዚያ ደምሴ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ዘንድሮ ከጨሰ ግን ማልቀስ የለም፤ እኔ ነኝ የማስለቅሳቸው!» አሉ። የተሰበሰበው ገበሬ ሳቀ። ደምሴ አልሳቀም።

ምድጃው የአንድ ትንሽ ቤት ያህል ነው፤ በሸክላ ጡብ የተሠራ። ውስጡ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ገለባው ይጨሳል፤ በሁለተኛው ጭሱ ራሱ ይነዳል። ከዚያ የጋለው ትንፋሽ በቧንቧ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፤ በቧንቧው ዙሪያ ደግሞ ንጹሕ አየር በማራገቢያ እየተነፋ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ ያው ማራገቢያ ለእሳቱም ትንፋሽ ይሰጠዋል። ጭስና ቡና ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ አይነካኩም። ደምሴ በትንሽ መስታወት እንዳይ ጠራኝ። መጀመሪያ የሚንቀለቀል ጥቁር ነገር ነው ያየሁት። ከዚያ ደምሴ አንዱን መዝጊያ ገፋ ሲያደርገው፣ ያ ጥቁር ነገር ከመሐሉ ተቀደደና ወርቅ ሆነ፤ ቀጥሎ ደግሞ ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ጭስ ሲነድ አየሁ! በዚህ ዕድሜዬ! ዞሬ ጭስ ማውጫውን ባየው ከአናቱ የሚወጣ ነገር የለም፤ ሙቀቱ ሰማዩን ያርገበግበዋል እንጂ።

አንድ ገበሬ ኮፍያውን አነሳና «አራ ሂንቀቡ!» አለ። ጭስ የለውም ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ ቃሉ ለጆሮዬ እንደ መዝሙር ነበር።

ምሳ አዴ ዘሃራ ቤት በላን። ከእሳቸው ጋር በአንድ ትሪ ነው የበላነው፤ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ አቮካዶ፣ ሽሮ። እሳቸው «ጾማችሁ ለእኛም ጠቀመን፤ ሥጋ ቢሆን ኖሮ እናንተ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ነበርን» አሉኝ። እውነት ነው፤ ሥጋ የሚለየንን ጎደሬ አገናኘን። ጎደሬ ድንች የሚመስል ሥር ነው፤ ግን አፍ ላይ ይሙለጨለጫል። መጀመሪያ ሳልወደው ሦስተኛውን እያነሳሁ ራሴን ያዝኩት።

ገና እጃችንን ሳንታጠብ መብራት ሄደ።

ደምሴ ትሪውን ዘሎ ወጣ። እኔም ጋቢዬን እየጎተትኩ ተከተልኩት። ማራገቢያው ቆሟል። ትንፋሽ ያጣው ምድጃ ወፍራም ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ይተፋል፤ ገለባው ከሚገባበት አፍም ወደ ሜዳው ይንቦለቦላል። ሰዉ «አራ! አራ!» እያለ ይጮኻል። ደምሴ ወደ ቡናው የሚወስደውን መዝጊያ በብረት መቆንጠጫ ጎትቶ ዘጋና የምድጃውን በር በረገደ። የቀረው ቅንድቡም ያን ጊዜ ሄደ። «ጋሼ፣ ትንፋሽ! ትንፋሽ አጣ!» ይለኛል፤ እኔ ከየት ላምጣለት? የመፈልፈያው ጀነሬተር ነዳጅ የለውም ተባለ። አዴ ዘሃራ እጃቸውን አጣምረው ጭሱን ያያሉ። ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈሩኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በዚያ መሐል በልቤ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለ፤ «በቃ፣ ጨሰ፤ ወንድሜ ይመጣል» የሚል። ወዲያው የደምሴን ፊት አየሁ። ሐሳቡን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ ነስሩን «ቅርብ ጀነሬተር ያለው ማነው?» ብዬ መጮሄን ብቻ አስታውሳለሁ።

«መስጊዱ!» አለ ነስሩ። «ለአዛኑ፣ ለሶላት ጥሪው ድምፅ ማጉያ!»

በባጃጅ በረርን። ሼሁ ደጃፉ ላይ ለሶላት እጅ እግራቸውን የሚታጠቡ አረጋዊ ናቸው። ነስሩ በኦሮምኛ አስረዳ፤ እኔ በአማርኛ ደገምኩት፤ ያለቀስኩም መሰለኝ።

«የማን ቡና ነው?» አሉ ሼሁ።

«የአዴ ዘሃራ።»

«ውሰዱት።»

«የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ደርሷል እኮ፣ ሼህ» አለ ነስሩ፤ የአዛኑ ነገር ከብዶት።

«እኔ ጉሮሮ አለኝ። እሳቱ ጉሮሮ የለውም። ውሰዱት አልኩ!»

ጀነሬተሩን ከኋላ ጫንነው፤ ዝናቡም ያኔ ለቀቀው። ደምሴ ጠዋት ለትዝታ ብሎ ይሁን እንጃ ባናውን ይዞት መጥቶ ከባጃጁ ውስጥ ትቶት ነበር፤ ጀነሬተሩን በእሱ ጠቀለልኩና እንደ ሕፃን አቅፌው ተቀመጥኩ። አስካለ ልክ ነበረች፤ ያላየሁትን አገር አልመስክር። ባናው በጂማ ሥራ አገኘ።

ገመዱ ተጎተተ፤ ማራገቢያው ጉርር ብሎ ዞረ። ምድጃው አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለ፣ ከዚያ ያ ጥቁር ጭስ ከሥሩ እየነጣ ሄዶ ጠፋ። ደምሴ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። በዚያ መሐል ከሩቅ የሼሁ ድምፅ መጣ፤ ያለ ማጉያ፣ የሸመገለ፣ አንዳንዴ የሚቆረጥ። ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ወደ ድምፁ ዞረ። እኔም ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ሐሙስ ምንም የምጽፈው የለኝም፤ ምድጃው ነደደ፣ ዘነበ፣ ቡናው ደረቀ። ሁላችንም በሰዉ መሐል እየተንጎራደድን አንዱን ጥያቄ ውጠን ዋልን፤ መብራት በጠፋባት በዚያች ጊዜ ጭሱ ቡናው ዘንድ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? አዴ ዘሃራ ፍሬውን አንስተው አሸተቱት፤ መልሰው ጣሉት። ደምሴ «ጋሼ፣ ሻንጣዬ ትንሽ ነው፣ መጽሐፎቹን ግን በጭነት እንልካቸዋለን» አለኝ። እኔ ገለባ ላቀብል ተነሳሁ።

ዓርብ ጠዋት ነስሩ ከጂማ ሜሮን የምትባል ቀማሽ ይዞ መጣ። ቀማሽ ማለት ቡና ቀምሳ መልካምና መጥፎውን የምትለይ ባለሙያ ናት። ወጣት ናት፤ ጂንስ ለብሳለች፤ አማርኛዋ እንግሊዝኛ ይዞበታል። ቡናው ተቆልቶ ተፈጨ፤ በትንንሽ ሲኒ ተደርድሮ የፈላ ውኃ ተደረገበት። እሷ በማንኪያ እየጨለፈች ፉትት በሚል ድምፅ ትስበዋለች፤ እኛ አገር አንድ ልጅ እንዲህ ቢያደርግ በጥፊ ነው። ይባስ ብላ ጣሳ ውስጥ እንትፍ! ትለዋለች። ከአንዱ ሲኒ ሌላው፣ ፉትት፣ እንትፍ፣ ፉትት፣ እንትፍ። ገበሬው በመስኮት ታጭቋል። ደምሴ ግድግዳውን እያየ ነው። እኔ በዚያች ደቂቃ ጓሮ ያለችውን ክፍል ረስቻታለሁ፤ «አምላኬ ሆይ፣ አይጭስ» ነው የምለው።

«ክሊን ነው» አለች ሜሮን። «ጭስ የለውም ፕሮፌሰር። በጣም ክሊን ነው።»

ማንም አልጮኸም። ሁሉም አዴ ዘሃራን ያያል። እሳቸው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ።

«ልጄ፣ አንቺ እኮ ተፋሽው» አሉ። «ሰው ያልዋጠውን እንዴት ይመሰክርለታል?»

«አዴ፣ ሙያው እንደዚያ ነው» ብትላቸው፣

«የአንቺ ሙያ። የእኔ ቡና ነው» አሉና አንዱን ሲኒ አንስተው ዱቄቱ እንደ ሰፈፈበት ጠጡት። ዋጡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉንጫቸው ውስጥ ምላሳቸው ሲዞር ይታየኛል። ሁለተኛውን አነሱ፤ ጠጡ። ሦስተኛውንም። የደምሴን እጅ ያዝኩት።

አዴ ዘሃራ ሲኒውን ደፉት። ወደ መስኮቱ ዞረው በኦሮምኛ ጠንከር አድርገው ተናገሩ፤ ነስሩ ጆሮዬ ላይ ተረጎመልኝ፤ «ምን ትገተራላችሁ? ቡናችሁ ዝናብ ላይ ነው! ሂዱ አምጡ!»

ያኔ ነው ጩኸቱ። ሜዳው በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። አዴ ዘሃራ ሊወጡ ሲሉ ደምሴ አጠገብ ቆም ብለው «ነገ ደግሞ ሁለተኛውን አልጋ አመጣለሁ፤ ቦታ ያዙልኝ» አሉት፤ ሌላ ምንም አላሉም። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ። ሜሮንም ተከትላ አለቀሰች፤ ምን እንዳስለቀሳት ስጠይቃት «አላውቅም አባባ፣ እንደዚህ ዓይነት ቀመሳ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ቅዳሜ መሄጃዬ ነበር። ከየቡ ልወጣ ስል ከምድጃው በር እስከ መንገዱ ሰልፍ ነው። በአህያ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በራስ ላይ፣ ታጥቦ ያልደረቀ ቡና በየጆንያው ውኃ እያንጠባጠበ። ደምሴ ከገለባው መሐል ጥቁር ፊቱን አወጣ። ቅንድብ የለውም፤ ዓይኑ ግን የልጅነት ዓይኑ ነው፤ ፈጽሞ የጡረተኛ አይደለም።

«ጋሼ፣ ክፍሉን እኮ ደክማችሁበት...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል» አልኩት። «ትንፋሹን እይ፣ መዝጊያው ዝቅ ብሏል።»

ዞሮ አየው፤ እውነትም ዝቅ ብሏል። ሊያስተካክል ሮጠ፤ እንደ ሮጠም በዚያው ሥራው ያዘው። ተሰነባበትንም አልልም። ነስሩ ሞተሩን አስነሳ።

እሑድ ወደ ማታ ቤቴ ገባሁ። ብርዱ ተቀበለኝ። አስካለ በሩን ከፍታ ከትከሻዬ ኋላ ማዶ ማዶውን አየች።

«ደምሴስ?» አለችኝ።

«እሳት ላይ ጥጄው መጣሁ።»

ፊቴን አየችኝ፤ መሳቄን አየች፤ እሷም ሳትወድ ሳቀች።

«ታዲያ መቼ ነው የሚወርደው?»

የገለባው ኮረብታ ፊቴ ላይ መጣብኝ። «እንጃ አስካለ» አልኳት፤ «የዚያ አገር ማገዶ ብዙ ነው።»